ኤን ኤ ሲ እንዋጥ ወይስ እንቁላል እንብላ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ብልቃጥ ነው። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ ወይ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶውና ከጫማው መሐል ተሸጉጣ ትመጣለች። ሲቀላም ሴቻም ሰው ቤት ገብቼ ኮመዲኖ ላይ ቆማ አይቻታለሁ። ላይዋ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትልቁ ተጽፈውባታል፤ «ኤን ኤ ሲ» ይሏታል። ሙሉ ስሟ ኤን አሴቲል ሲስቲን ነው። ክዳኗ ሲከፈት የቆየ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይመጣል። (ይቺን ሽታ ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ታስፈልገናለች።)

የላኪዎቹ ማብራሪያ ሁሌም አንድ ነው። «ቫይታሚን አይደለም፣ ከቫይታሚን ይበልጣል፤ አሚኖ አሲድ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ያበዛል፤ ጉበት ያጥባል፣ ሳንባ ያጸዳል፣ እርጅና ይገፋል።» ይህን ሁሉ የምትሠራ ነገር በአንዲት ፍሬ ውስጥ ከተገኘችማ ማን ይጠላል? እኔም ነገሩን ለማጣራት የተነሳሁት አንድ ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ነው። ደብዳቤው ከጨንቻ አካባቢ የመጣ ሲሆን ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ለምናኛለች። ከፊሉን እነሆ፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እኔ የሁለት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ሸማኔ ናቸው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሳል ይዟቸዋል። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ኤን ኤ ሲ የሚባለውን ላከላቸው። እውነት ለመናገር አክታቸውን አቅጥኖላቸዋል። ሳሉ ግን አልተዋቸውም። ምግብ እምቢ ብለው ከስተዋል። ወንድሜ ደግሞ ‹ስድስት ወር ካልወሰዱት አይሠራም› ይላል። ለዚሁ ብሎ በየወሩ ከሚልክልን ገንዘብ ቀንሷል። ለልጄ እንቁላልና ወተት የምገዛው ከዚያ ላይ ነበር። ወንድሜን እምቢ ማለት አፍራለሁ፤ አባቴ ደግሞ ተስፋቸውን የጣሉት በዚህች ብልቃጥ ላይ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ ሆይ፣ ስለ አሚኖ አሲዱ የምለው ብዙ አለኝ። ይህን ጋዜጣ አጥፈሽ ከማስቀመጥሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽን ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው።

ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረግለታል። ይህ የጤና ባለሙያዎቻችን ሁሉ የሚሠሩበት ደንብ ነው። የአባትሽ ሳል ወራት አልፎታል። በዚያ ላይ ከስተዋል፣ ምግብ ጠልተዋል። ሌሊት ሌሊት ያልባቸው እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ አባቶች እንዲህ ያለውን ነገር በራሳቸው አንደበት አያወጡትም። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ አክታ በዕቃ ተቀብለው ያዩታል። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ነው። (እንግዲህ ወንድምሽ ያለውም ስድስት ወር ነው፤ ስድስት ወር መታገስ ካልቀረ በሚያድነው መድኃኒት ይሁን እንጂ!)

ነቀርሳ ነው ብዬ እየፈረድኩ አይደለም። ሸማኔ ከጥጥ ብናኝ ጋር የኖረ ሰው ነው። የደጋ ቤት ደግሞ እሳት ከመሐሉ አይጠፋም፤ ጢሱ ዓመት ከዓመት ነው። አስምም ሊሆን ይችላል፣ ብሮንካይትስም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ነቀርሳ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በዚያው ጣሪያ ሥር የሁለት ዓመት ሕፃን አለ። ሕፃኑንም አብረሽ ይዘሽ ሂጂና ለባለሙያው ንገሪ።

ብልቃጧ አክታ አቅጥናለች ያልሽው እውነት ነው፤ ሥራዋ ነውና። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አክታው ሲቀጥን ሰውየው የተሻለው ይመስለዋል፣ ቤተሰቡም ይረጋጋል፣ ከታች ያለው በሽታ ግን ሥራውን አያቆምም።

ለመሆኑ ይቺ ነገር ምንድን ናት?

የሸማኔ አገር ሰው ስለሆንን በሸማኔ ቋንቋ እንነጋገር። ሥጋችን፣ ደማችን፣ ፀጉራችን ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ፕሮቲንን ጋቢ ነው ብንል አሚኖ አሲዶች ክሮቹ ናቸው። ሰውነት የበላነውን እንቁላል ወይ ባቄላ ተርትሮ ክር ያደርገዋል፣ ከዚያ የራሱን ጋቢ ይሸምናል። ከክሮቹ አንዱ ሲስቲን ይባላል። በውስጡ ድኝ አለበት፤ ያቺ የቆየ እንቁላል የመሰለችው ሽታ የድኙ ናት። እንቁላልም የሚሸተው በዚሁ በድኙ ምክንያት ነው፤ ብልቃጧና እንቁላሉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ሰውነት ሲስቲንን ወስዶ ከሌሎች ሁለት ክሮች፣ ማለትም ከግሉታሜትና ከግላይሲን ጋር ይገምደውና ግሉታታዮን የምትባል ትንሽ ነገር ይሠራል። ግሉታታዮን በየሴሉ ውስጥ ተቀምጣ ዝገት ትጠርጋለች። ቆርቆሮ በዝናብና በአየር እንደሚዝግ ሰውነትም ኦክስጅን ሲያቃጥል የሚተርፍ ጎጂ ነገር አለው። ያንን የሚከላከለው «አንቲኦክሲዳንት» ይባላል። ከሰውነታችን አንቲኦክሲዳንቶች መካከል ደግሞ ግሉታታዮን ዋነኛዋ ናት። ከሦስቱ ክሮች ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያልቀው ሲስቲኑ ነው። ኤን ኤ ሲ የሚባለው እንግዲህ ሰውነት እንዲቀበለው ትንሽ የተበጀ ሲስቲን ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምሥጢር የለውም።

ሐሰተኛ ነገርም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት ሆኖ ተፈቅዷል። የዓለም የጤና ድርጅት አስፈላጊ ብሎ በመዘገባቸው መድኃኒቶች ዝርዝርም ውስጥ አለ። እዚያ የገባው ግን ለእርጅና ተብሎ አይደለም፤ የመርዝ ማርከሻ ሆኖ ነው። መርዙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ሁላችንም መሳቢያ ውስጥ የማናጣው ፓራሲታሞል!

ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ደኅና መድኃኒት ነው፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ሰው በንዴትም ይሁን ባለማወቅ እፍኝ ሙሉ ሲውጠው ግን ጉበት ውስጥ የሚፈጠረው መርዛማ ነገር ያለውን ግሉታታዮን ሁሉ ይጨርሰዋል። ጉበት ጋሻው ያልቅበትና መሞት ይጀምራል። ያን ጊዜ ኤን ኤ ሲ በሐኪም እጅ ሲሰጥ ግሉታታዮን እንደገና ይሞላል። በ8 ሰዓት ውስጥ ከተደረሰ ጉበቱ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ሰውየው የመጀመሪያውን ቀን ደህና መስሎ ሊውል ስለሚችል «ምንም አልሆነም» ብላችሁ እንዳታሳድሩት፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

ይህን ያመጣሁት ያለ ነገር አይደለም። ነጋዴው «ጉበት ያድናል» ሲል መነሻው ይህ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ቤት ሲቃጠል ያድናል፤ እሳት የሌለበት ቤት ላይ በየቀኑ ውሃ ቢረጭ ግን ምን ይጠቅማል?

ደህና የሆነ ሰው ቢወስዳትስ?

ሰውነታችን ደግሞ ሞኝ አይደለም። ግሉታታዮን ሲበቃው ሥራውን ያቀዘቅዛል። ሸማኔው ክር ካነሰው ሥራ ይፈታል፤ ክሩ ከሞላ በኋላ ግን ሌላ አሥር ልቃቂት ብትደረድርለት ጋቢው አሥር አይሆንም።

ጥናቶቹስ ምን ይላሉ? አውሮፓ ውስጥ 523 የቆየ የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለሦስት ዓመት በቀን 600 ሚሊግራም እየወሰዱ ወይም ባዶ ኪኒን እየወሰዱ ተከታትለዋቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ መድኃኒቱ የሳንባቸውን መድከም አላዘገየም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ቻይና ውስጥ እጥፉን፣ ማለትም በቀን 1200 ሚሊግራም ሲሰጥ በሽታው የሚነሳባቸው ጊዜ ቀነሰ ተባለ። እንግዲህ ለእነዚህ ሕመምተኞች ሐኪም «ውሰዱ» ቢል የሚገርም አይደለም። ነገር ግን በሽታቸው ተመርምሮ የታወቀ ሰዎች መሆናቸውን አትርሱ።

ለእርጅናስ? ሂውስተን ከተማ ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ 24 አዛውንት ኤን ኤ ሲን ከግላይሲን ጋር ለ16 ሳምንት እንዲወስዱ ወይም ባዶውን እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። የወሰዱት ግሉታታዮናቸው ጨመረ፣ እርምጃቸውም ፈጠን አለ። ደስ ይላል። ግን 24 ሰው ማለት ለአንድ ለቅሶ ድንኳን እንኳ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 114 ጤነኛ አዛውንቶችን ለሁለት ሳምንት አይቶ በጥቅሉ ሲታይ ግሉታታዮናቸው አልጨመረም ብሏል። እንግዲህ «እርጅና ይገፋል» ብሎ ለመሸጥ የሚበቃ ነገር ገና አልተገኘም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ቆዩ እስቲ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት የሳንባ ካንሰራቸው ይቀንሳል ሲባል በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በ2014 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች የሳንባ ካንሰር ላለባቸው አይጦች ይህንኑ ኤን ኤ ሲን ሲሰጧቸው ዕጢው በፍጥነት አደገ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቤታ ካሮቲንም ኤን ኤ ሲ አይደለም። ቢሆንም ሳሉ ምን እንደሆነ ያልታወቀ አዛውንት፣ በተለይ አጫሽ ከሆነ፣ በዘፈቀደ ለወራት የሚወስደው ነገር እንዳልሆነ ይህ ብቻ ይበቃኛል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ግሉታታዮንን ራሷን «ፊት ታቀላለች» እየተባሉ በኪኒንና በመርፌ ለሚወስዱ እህቶቼ አንዲት ቃል። በአፍ የዋጡት ግሉታታዮን አብዛኛው አንጀት ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል። መርፌውን ደግሞ፣ የቆዳ ማቅያ ገበያው የደራባት የፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2011 ለቆዳ ማቅያነት እንዳትወስዱ ብላ አስጠንቅቃለች። በጠይምነታችሁ ምን ጎደለ?

የማላዊ ልጆች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ፈረንጅ ጠግቦ ስለሚበላ ላይጠቅመው ይችላል፤ እኛ ግን ፕሮቲን ስለሚያንሰን ይጠቅመናል» የሚል ክርክር የሰማሁት ከአንድ የተማረ ሰው ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ክዋሽዮርኮር የሚባለው፣ ሕፃናትን እግራቸውንና ፊታቸውን የሚያሳብጠው የምግብ እጥረት በሽታ ሲይዛቸው ግሉታታዮናቸው በጣም እንደሚወርድ ሐኪሞች ያውቃሉ። እንግዲያስ ኤን ኤ ሲ ብንሰጣቸው ከበሽታው ይድኑ ይሆን?

ይህ ተሞክሯል፤ ያውም እንደኛው አፍሪካ ውስጥ፣ ማላዊ ገጠር። ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ 2,372 ልጆች ለ20 ሳምንት ተከታተሏቸው። ግማሾቹ ኤን ኤ ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሪቦፍላቪንና ሴሊኒየም ያለበት ዱቄት በየቀኑ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ባዶውን። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ዱቄቱን ከወሰዱት 1,184 ልጆች 39ኙ በበሽታው ተያዙ። ባዶውን ከወሰዱት 1,188 ደግሞ 23ቱ። አልጠቀመም! ቁጥሩ እንዲያውም ወደ ሌላው ወገን ያዘነበለ ነው፣ ምንም እንኳ ተመራማሪዎቹ ጎዳ ለማለት የሚያስደፍር ልዩነት ባያገኙም።

የጎደለው ምግብ ሲሆን የምግቡን አንድ ክር ነቅሎ በፍሬ መስጠት ምግብ አልሆነም። ልጅሽ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም እግሩ ካበጠ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን ለክታ የምትሰጠው የለውዝ ቅባት የመሰለው ምግብ ነው የሚያድነው። እሱም በነጻ ነው።

እስቲ እንቁላሉን እንቁጠረው

አንዷ የኤን ኤ ሲ ፍሬ ብዙ ጊዜ 600 ሚሊግራም ናት። ከዚህ ውስጥ ሲስቲኑ 445 ሚሊግራም ያህል ነው። የቀረው መበጃው ነው። አንድ መካከለኛ እንቁላል ደግሞ 140 ሚሊግራም ገደማ ሲስቲን አለው። በዚያ ላይ 190 ሚሊግራም ያህል ሜታዮኒን የሚባል ሌላ ባለ ድኝ አሚኖ አሲድ አለው፤ ሰውነት ሲያስፈልገው ሲስቲንን ከእሱ መሥራት ይችላል። ሁለቱን ደምሩት፤ ከአንድ እንቁላል ከ300 በላይ! ሁለት እንቁላል የበላ ሰው አንዲቱን ፍሬ በልጧታል። ከእንቁላሉ ጋር ደግሞ ሌሎቹ ክሮች፣ ስቡ፣ ቫይታሚኑ ምርቃት ናቸው።

የሚያስፈልገንስ ስንት ነው? የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ለአዋቂ ሰው በኪሎ 15 ሚሊግራም ባለ ድኝ አሚኖ አሲድ በቀን ይበቃል ይላሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 900 ሚሊግራም ማለት ነው። ያውም ከእንቁላል ብቻ የሚገኝ አይደለም። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ባቄላውም፣ ዓሣውም አለው። እንዲያውም ጥራጥሬ ባለ ድኙ ያንሰዋል፣ እህል ግን ደህና አለው። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ለጾመኛው ትልቅ ዜና ነው። እናቶቻችን ይህን ያወቁት የአሚኖ አሲድ ስም ሳይሰሙ ነው።

የደጋው ችግር ሌላ ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ለድርቅ ዘመን ዋስትና ነው፣ ክብሩ አይነካ። ፕሮቲኑ ግን ከመቶ ግራም ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ቆጮን በዳጣ ብቻ እየበላ የሚውል ሽማግሌ፣ ወይም ሕፃን፣ ክር ያንሰዋል። መፍትሔው ከቆጮው አጠገብ አይብ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወይም ከጫሞና ከዓባያ የሚወጣውን ዓሣ ማስቀመጥ ነው። መቶ ግራም ዓሣ ከ18 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። እርግጥ ነው፣ ዓሣው ከሲቀላ ምግብ ቤት ኮትሌት ሆኖ እንግዳ ያበላል እንጂ ተራራውን ወጥቶ ጨንቻ አይደርስም ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ባቄላውና እንቁላሉ ግን ደጋው ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ እህቴ፣ ለወንድምሽ እንዲህ ብለሽ ብትጽፊለት ምን ይመስልሻል? «ወንድም ጋሼ፣ ለአባባ ማሰብህን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ። ጤና ጣቢያ እየወሰድኳቸው ነው። ብልቃጧን እዚያ አሳያለሁ፤ ሐኪሙ ‹ያስፈልጋቸዋል› ካለ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ግን የብልቃጧን ዋጋ እንደ ድሮው ላክልኝ፤ ለአባባም ለልጁም እንቁላልና ወተት እገዛበታለሁ።» ይህ እምቢታ አይደለም። ወንድምሽ የላከው ፍቅሩን ነው፤ መልኩን ለውጦ ይላክ አልሽው እንጂ አልመለስሽበትም። ካልተዋጠለት ደግሞ ብልቃጧ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ራሱ ያንብብ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሟያ የሚሸጥ ድርጅት በሽታ ይከላከላል ወይም ይፈውሳል የሚል ሐሳብ ከሌለው መሆኑን መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕጋቸው ማሟያው ገበያ ከመውጣቱ በፊት መጥቀሙን ለመንግሥት እንዲያስመሰክር አያስገድደውም።

ሽፈራውስ?

ይህን ሳወራ «እኛ ደግሞ የራሳችን አለን» የሚለኝ የአርባ ምንጭ ሰው አይጠፋም። ሽፈራው ነዋ! በጋሞኛ ሀሌኮ የምንለው። ዛፉ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ ነው። ቅጠሉ ዛሬ በሻይ ከረጢት፣ በዱቄት፣ በካፕሱል ሳይቀር ይሸጣል። ሻጮቹም ከኤን ኤ ሲ ሻጮች አያንሱም፤ ሦስት መቶ በሽታ ይፈውሳል ያለኝ ሰው አለ። በሽታዎቹን ቁጠርልኝ ብለው ስኳርና ደም ግፊት ላይ ቆመ።

ሁለት ነገር እወቁ። በየፓኬቱ ላይ የምታነቡት አድናቆት አብዛኛው የተጻፈው ስለ እኛው ሽፈራው ሳይሆን ስለ ህንዱ ወንድሙ ነው። ሁለተኛ፣ «ከብርቱካን ይህን ያህል እጥፍ» የሚባለው ደረቅ ቅጠልን ከእርጥብ ፍሬ ጋር አወዳድሮ ነው። ማን ነው መቶ ግራም ደረቅ ዱቄት የሚበላ? አንድ የሻይ ማንኪያ ሦስት ግራም ቢሆን ነው። ሩቡ ፕሮቲን ነው እንኳ ብንል አንድ ግራም አይሞላም። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም አለው። በሻይ መልክ ሲሆን ደግሞ ይባስ፤ ፕሮቲኑ ቅጠሉ ውስጥ ይቀርና ከረጢቱ ይጣላል።

እንደ ጎመን ቀቅለው፣ ከበቆሎው ወይ ከማሽላው ድብልብል ጋር ኩርኩፋ አድርገው ሰሃን ሙሉ የሚበሉት ሽማግሌዎች ግን አሳምረው አውቀውበታል። ያ ምግብ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒታችሁን አስጥሎ ሽፈራው ጠጡ የሚላችሁን ግን አትስሙት።

ሲስቲን በእርግጥ የሚፈለግበት አንድ ቦታ

የቆላ ሰዎች፣ በተለይ ካሳቫ የምታዘወትሩ፣ ይህችን አትለፏት። ካሳቫ ዝናብ ሲጠፋ የሚያድን ሥር ነው። ሆኖም ውስጡ ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለው፤ መራራው ዓይነት ደግሞ ይብሳል። ሰውነታችን ሳያናይድን አርክሶ በሽንት የሚያስወጣው በምን መሰላችሁ? ከሲስቲንና ከሜታዮኒን በሚያገኘው ድኝ ነው። ካሳቫው ራሱ ፕሮቲን የለውም በሚባል ደረጃ ነው። ስለዚህ ድርቅ መጥቶ ሰው በደንብ ያልተዘጋጀ ካሳቫ ብቻ ሲበላ፣ መርዙ ይገባል፣ ማርከሻው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1981 ሞዛምቢክ ውስጥ ናምፑላ በሚባለው ክፍለ ሀገር በድርቅ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ እግራቸው በድንገት ሽባ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። በሽታው ኮንዞ ይባላል፤ መመለሻም የለውም።

ለዚህም ቢሆን ብልቃጥ አያስፈልግም። ካሳቫውን ልጡት፣ ቆራርጡት፣ ውሃ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፣ ከጤፍ ወይ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ቀላቅሉት፣ ባቄላ ወይም ዓሣ አስከትሉት። ለጋውን ነቅሎ በጥሬው ለልጅ መስጠት ደግሞ በፍጹም!

ብልቃጧ ቤታችሁ ከገባች

ተገዝታ ከመጣች በኋላ ምን እናድርጋት ለምትሉ፦ በአፍ የሚወሰደው ኤን ኤ ሲ ለብዙ ሰው ከማቅለሽለሽና ከተቅማጥ ያለፈ ጉዳት አያመጣም። ለልባቸው ናይትሮግሊሰሪን የሚወስዱ ግን ደማቸው ከመጠን በላይ ሊወርድና ራሳቸውን ክፉኛ ሊያማቸው ስለሚችል አይንኳት። አስም ያለባቸው ሐኪም ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናትም እንዲሁ። ለሕፃን ካፕሱል ከፍቶ ወተት ውስጥ መበተን የሰማሁት ነገር ነው፤ ተዉ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «የምወስደው መድኃኒት የለም» አትበሉ። «ማሟያ እኮ ነው» ብላችሁም አትደብቁ። ብልቃጧን በፌስታል ያዙና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት።